ካሜራው ለምን እዚህ ቆመ?



ኬቪን ኮስትነር ሮቢን ሁድን ሆኖ የሠራበትን የ1991 ፊልም ከመካከላችሁ ያየ አይጠፋም። ጀግናው ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ በደቡብ እንግሊዝ ነጫጭ ገደሎች ሥር ከጀልባ ይወርድና፣ ሳይመሽ አባቱ ቤት እንደሚደርስ ተናግሮ ጉዞ ይጀምራል። ቤቱ ያለው ወደ ኖቲንግሃም ነው፤ ከዚያ ባሕር ዳርቻ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህ ሳያንስ፣ ጥቂት ቆይቶ የምናየው ሮማውያን ባሠሩት የሃድሪያን ግንብ አጠገብ ነው። ግንቡ ደግሞ ኖቲንግሃምን አልፎ ሌላ 240 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ነው። ሰውየው የአባቱን ደጅ ትቶ ወደ ስኮትላንድ ጠረፍ ሄዶ ተመለሰ ማለት ነው፣ ያውም በአንድ ቀን። እንግሊዞች ይህን እያነሡ እስካሁን ይስቃሉ።

ከሳቁ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ቁም ነገር አለው። የፊልሙ ሠሪዎች ያን ሁሉ መንገድ ወጥተው ካሜራቸውን እዚያ ያቆሙት ለምንድን ነው? ቦታውን ያየ ሰው መልሱን አያጣውም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ122 መሠራት የጀመረው ግንብ ከአንዱ ኮረብታ ይወርድና በሌላው ይወጣል፤ በሁለቱ መካከል ባለው ጎድጓዳ ልክ መሐል ላይ ሲካሞር የሚባል አንድ ዛፍ ብቻውን ቆሞ ነበር። በዙሪያው ቤት የለም፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ የለም። ሥዕል የሚያውቅ ሰው ተክሎ የሄደው ይመስል ነበር።

«ነበር» ያልኩት ዛፉ ዛሬ ስለሌለ ነው። በመስከረም 2023 አንድ ሌሊት ሁለት ሰዎች በሞተር መጋዝ ቆርጠው ጣሉት፤ በ2025 ፍርድ ቤት እያንዳንዳቸውን በአራት ዓመት ከሦስት ወር እስራት ቀጣቸው። አገሩ ያለቀሰውን ያህል ለዛፍ ሲለቀስ አይቼ አላውቅም። ከዘሩ የበቀሉ 49 ችግኞች በየቦታው እንዲተከሉ ተወሰነ፤ ቁጥሩ የተመረጠው ዛፉ ሲቆረጥ ቁመቱ 49 ጫማ ስለነበረ ነው። ጉቶውም በራሱ ጊዜ እንደገና አቆጥቁጧል። ፊልሙ ባይኖር ዛፉ ይወደድ አልነበረም አልልም። ብዙ ሰው «የሮቢን ሁድ ዛፍ» እያለ ሲጠራው የኖረው ግን በፊልሙ ምክንያት ነው።

ዛሬ ማታ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የፊልምና የቴሌቪዥን ቀረጻ የተደረገባቸውን የእንግሊዝ ገጠር ቦታዎች ልታዩ ስትሄዱ «የትኛው ትዕይንት ነው እዚህ የተቀረጸው?» ብላችሁ ፎቶ ተነሥታችሁ ብቻ አትመለሱ። «ካሜራው ለምን እዚህ ቆመ?» ብላችሁም ጠይቁ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ነው፤ የገንዘብ፣ የርቀት፣ የባለቤትነት፣ አንዳንዴም የጦርነት ጉዳይ። የአገሩን ታሪክ የሚነግራችሁ ግን ይኸው ተራ ነገር ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንም ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ላኮክ ከምትባል መንደር ልጀምር። ዊልትሺር ውስጥ ናት። ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ባቡር ይዛችሁ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ተጉዛችሁ ቺፐንሃም ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው የሚቀራችሁ። ዋና ዋና መንገዶቿ አራት ብቻ ናቸው። ቢቢሲ በ1995 የጄን ኦስተንን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ሲሠራ የሜሪተንን ከተማ ያደረጋት እሷን ነው። በ2007 «ክራንፎርድ» መጣ፤ በ2019 የ«ዳውንተን አቢ» ፊልም መጣ፤ በመካከል ሃሪ ፖተር ተመላልሶባታል። የሃሪ ወላጆች የተገደሉበት ቤት ሆኖ የታየው እዚያ ያለ ቤት ነው። ሰው ይኖርበታልና በመስኮቱ አትመልከቱ።

ላኮክ እንዲህ የተፈለገችው ስላማረች ብቻ አይደለም። ያማሩ መንደሮች እንግሊዝ ውስጥ ሞልተዋል። በመካከለኛው ዘመን በሱፍ ንግድ ያበበች ቦታ ናት፤ ንግዱ ሲሸሽ ግን ቤት አፍርሶ በአዲስ ፋሽን የሚሠራበት ትርፍ ገንዘብ አልተረፈም። ሀብታም ብትሆን ኖሮ ገና በቪክቶሪያ ዘመን ፈርሳ እንደ አዲስ በተሠራች ነበር። መንደሩ ከሞላ ጎደል የአንድ ቤተሰብ ርስት መሆኑም አለ። ታልቦቶች ለትውልዶች ይዘውት ኖረው በ1944 ማቲልዳ ታልቦት የቤተሰቡ መኖሪያ የሆነውን የቀድሞ ገዳምም መንደሩንም ለናሽናል ትረስት ሰጡ። ይህ ድርጅት ታሪካዊ ቤቶችንና መሬትን ለሕዝብ ጠብቆ የሚያቆይ በጎ አድራጊ ተቋም ነው። ዛሬ ላኮክ ውስጥ ከሚኖሩት ብዙዎቹ የናሽናል ትረስት ተከራዮች ናቸው።

የፊልም ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይሞላል። በሌላ መንደር አንድ መንገድ ለመቅረጽ ሠላሳ ባለቤት ካለ ሠላሳ ጊዜ መለመን ነው። አንዱ ዲሹን ማንሣት አይፈልግም፣ ሌላው በሩን ሰማያዊ ቀብቶታል፣ ሦስተኛው «ያለፈው ፊልም አበባዬን ረግጦብኛል» ብሎ ይቆጣል። ላኮክ ላይ ዋናው ፊርማ አንድ ነው። በግድግዳው ላይ አንቴና አይንጠለጠልም፣ ከቤት ቤት የተዘረጋ ሽቦ አይታይም። የቀረው አስፋልቱን በአፈር መሸፈንና መኪኖቹን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው። ለዓይን የምትጣፍጠው ላኮክ እንግዲህ የንግድ ውድቀትና የአንድ ባለርስት ውጤት ናት። ይህን አውቆ የሚሄድ ሰው ግድግዳዎቿን ሲያይ ሌላ ነገር ያያል ብዬ አምናለሁ።

ገዳሙ ራሱ በ1232 በሳልስበሪዋ ካውንቴስ በኤላ የተመሠረተ የሴቶች ገዳም ነበር፤ በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ተዘግቶ የባላባት መኖሪያ ሆነ። በድንጋይ ቅስት የተሸፈነው የውስጥ መተላለፊያው በሃሪ ፖተር ፊልሞች የሆግዋርትስ ትምህርት ቤት ሆኖ ታይቷል። አንዱ ክፍል ውስጥ ግዙፍ ድስት ተቀምጧል፤ ክፍሉ በፊልሙ የጥንቆላ መማሪያ ስለነበረ ድስቱን ያየ ሁሉ የፊልም ዕቃ ነው ቢል አይፈረድበትም። ድስቱ ግን እውነተኛ ነው፣ በ1500 ዛሬ ቤልጅየም በምትባለው አገር መኸለን ከተማ ውስጥ የተሠራ።

ይህ ብቻ ቢሆን በቂ ነበር፤ ላኮክ ግን ሌላም አላት። ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የተባለው የቤቱ ጌታ በ1835 በጋ ከሳሎኑ መስኮት አንዷን በትንሽ የእንጨት ሣጥን ካሜራ አነሣ። ወረቀትን በጨውና በብር ውሕድ አርሶ ብርሃን ሲያገኘው እንዲጠቁር አድርጎ ነበር። ያገኘው ምስል ከቴምብር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ከተረፉት የፎቶግራፍ ኔጌቲቮች ሁሉ የመጀመሪያው እሱ ነው። እነዚያን ሣጥኖች በየቦታው እያስቀመጠ ሲሄድ ባለቤቱ ኮንስታንስ «የአይጥ ወጥመዶች» ትላቸው ነበር። ከአንድ ኔጌቲቭ ብዙ ቅጂ ማተም የሚለው አሳብ፣ ፊልም የቆመበትም አሳብ፣ ሥሩ እዚህ ቤት ነው። መስኮቷ አሁንም አለች፤ ፊት ለፊቷ መቆም ይቻላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሃሪ ፖተር መተላለፊያ ይልቅ ለእሷ ብዙ ጊዜ ስጡ።

አሁን ወደ ርቀት ጉዳይ ልለፍ። «ዳውንተን አቢ» ታሪኩ ዮርክሺር ውስጥ ነው፤ ሰሜን ማለት ነው። የባላባቱ ቤት ግን ሃምፕሺር ያለው የሃይክሌር ቤተ መንግሥት ነው፤ መንደሩ ደግሞ ከሃይክሌር ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን፣ ኦክስፎርድሺር ያለችው ባምፕተን ናት። ሁለቱም ደቡብ ናቸው። የአሽከሮቹና የገረዶቹ ወጥ ቤት ሦስተኛ ቦታ ነው፤ ምዕራብ ለንደን ኢሊንግ ስቱዲዮ ውስጥ በጣውላ የተሠራ። ስለዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ሾርባ የተቀዳበት ሳህን ደረጃውን ወጥቶ የጌቶቹ ገበታ ላይ ሲደርስ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል፤ አንዳንዴም በመካከል ቀናት አልፈዋል። የሃይክሌር ምድር ቤት ለወጥ ቤት ሊሆን የማይችል ነበር። ዛሬ የግብጽ ዕቃዎች ይታዩበታል፤ በ1922 የቱታንካሙን መቃብር ሲገኝ የፍለጋውን ወጪ የቻሉት የዚያ ቤት ጌታ፣ አምስተኛው የካርናርቮን ኧርል ነበሩና።

ዮርክሺር ውስጥ ትልቅ ቤት ጠፍቶ አልነበረም። ችግሩ ሰው ነው። ተዋናይ፣ መብራት ሠራተኛ፣ ፀጉር ሠሪ፣ ምግብ አቅራቢ፣ ሁሉም የሚኖሩት ለንደን ዙሪያ ነው፤ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ፓይንውድና ሼፐርተንም በለንደን ምዕራባዊ ጎን ናቸው። ራቅ ባሉ ቁጥር የሆቴል፣ የትራንስፖርትና የአበል ሒሳብ ይመጣል። ስለዚህ ዓለም የሚያውቀው የእንግሊዝ ገጠር በአብዛኛው ከለንደን ማልደው ተነሥተው ማታ የሚመለሱበት ገጠር ነው። ከ1997 ጀምሮ በየሳምንቱ ሰው የሚገደልበት የ«ሚድሰመር መርደርስ» ሰላማዊ መንደር ባኪንግሃምሺርና ኦክስፎርድሺር ውስጥ ነው። የሴት ቄሷ አስቂኝ ድራማ «ዘ ቪካር ኦፍ ዲብሊ» የተቀረጸባት ተርቪልም ባኪንግሃምሺር ናት፤ ከመንደሩ በላይ ኮረብታው ላይ የቆመው የንፋስ ወፍጮ በ1968 «ቺቲ ቺቲ ባንግ ባንግ» ውስጥ ታይቷል። «ግላዲያተር» ሲጀምር ሮማውያን ከጀርመን ጎሣዎች ጋር የሚዋጉበት ጫካ እንኳ ጀርመን አይደለም፤ ሰሪ ውስጥ ያለው ቦርን ውድ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ አንድ ቤት ከሁለት ቤት ይሰፋል። በ1995ቱ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» የሚስተር ዳርሲ ቤት ከውጭ ሲታይ ቼሺር ያለው ላይም ፓርክ ነው፤ ኤልዛቤት በሩን አልፋ ስትገባ ግን ያለችው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው ሰድበሪ ሆል ውስጥ ነው። ብዙ ሴቶች እስከ ዛሬ የሚያነሡት የዳርሲ የኩሬ ዋና እንኳ ዳርሲን ሆኖ የሠራው የኮሊን ፈርዝ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ውኃው የተወረወረው ሌላ ሰው ነው፣ የውኃ ውስጡ ቀረጻም በስቱዲዮ ገንዳ ተሠርቷል። ይህን ስናገር ቅር የሚለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ግን ስፌቱን ማወቅ ደስታን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም ባይ ነኝ።

ከሁሉ አስደናቂው ስፌት ያለው ሰሜን ዮርክሺር ነው። አልፍ ዋይት የሚባል የእንስሳት ሐኪም በ1940 ተርስክ ወደምትባል የገበያ ከተማ መጣ። ላም ሲያዋልድ፣ በግ ሲያክም፣ ከኩሩ ገበሬዎች ጋር ሲከራከር ኖሮ ዕድሜው ሃምሳ ሲያልፍ መጻፍ ጀመረ። ሐኪሞች ራሳቸውን እንዳያስተዋውቁ የሙያ ደንቡ ይከለክል ስለነበር በራሱ ስም ማሳተም አልፈለገም፤ በቴሌቪዥን ያየውን የአንድ እግር ኳስ በረኛ ስም ወስዶ ጄምስ ሄሪየት ሆነ። ከተማዋንም ዳሮቢ አላት። ዳሮቢ የምትባል ከተማ በካርታ ላይ የለችም።

በ1978 ቢቢሲ መጻሕፍቱን «ኦል ክሪቸርስ ግሬት ኤንድ ስሞል» ብሎ ድራማ ሊያደርጋቸው ሲነሣ ተርስክ መኪና የበዛባት፣ ሱቅ የሞላባት ከተማ ሆና ነበር። የ1930ዎቹን ልታሳይ አትችልም። ስለዚህ ወደ ምዕራብ ሄደው በዌንስሊዴል ሸለቆ አስክሪግ የምትባል የድንጋይ መንደር አገኙ፤ እሷን ዳሮቢ አሏት። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2020፣ ድራማው እንደ አዲስ ሲሠራ ደግሞ ዳሮቢ የሆነችው በሌላ ሸለቆ ያለችው ግራሲንግተን ናት። ግራሲንግተን የእርሳስ ማዕድን ይወጣባት የነበረች ቦታ ናት፤ ማዕድኑ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አከተመ፤ ከ1954 ጀምሮ ደግሞ አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ማንም እንደፈለገ መገንባት አይችልም። ገንዘቡ ሄደ፣ ሕጉ መጣ፣ በመካከል አደባባይዋ እንዳለ ቀረ።

አሁን ልብ በሉ። እውነተኛው ሐኪም የኖረባት ተርስክ አለች፤ በመጽሐፍ ብቻ ያለች ዳሮቢ አለች፤ ዳሮቢን የተጫወቱ ሁለት መንደሮች አሉ። ተርስክ ያለው የሐኪሙ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። የሕክምና ክፍሉ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ሳሎኑ በ1940ዎቹ እንደነበረው ተሰናድቷል። በዚያው ሙዚየም ውስጥ ደግሞ ቢቢሲ ለቀረጻ የሠራው የውሸት ሳሎን ቀርቧል። ማለትም በእውነተኛው ቤት ውስጥ የራሱን ቤት ቅጂ ታያላችሁ። ጎብኚ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ የትኛው የትኛው እንደሆነ ቢያምታታው አልፈርድበትም፤ ወደ ቦታው ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ ይህ መምታታት ነው። በካርታ ላይ ካሉት ከሦስቱ አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ተርስክን ይምረጥ። አየሩ ከከፈተ ግን አስክሪግን አትለፉት፤ ከመንደሩ ጀርባ ያለው ሸለቆ በራሱ ለጉዞ ይበቃል።

ቦታ ፊልምን ይመስላል ብቻ አይደለም፤ ፊልምን ለመምሰል ሲል ራሱን የሚለውጥ ቦታም አለ። ዴቪድ ሊን «ብሪፍ ኤንካውንተር»ን በ1945 መጀመሪያ ላይ ሲቀርጽ ጦርነቱ አላለቀም ነበር። በሌሊት ባቡር ጣቢያን በኃይለኛ መብራት ማብራት ለአውሮፕላን ምልክት መስጠት ነው። ስለዚህ ከለንደን ርቆ ሰሜን ምዕራብ ላንካሺር ያለው ካርንፎርዝ ጣቢያ ተመረጠ፤ አደጋ ቢመጣ መብራቱን ለማጥፋት ጊዜ ይገኛል ተብሎ። ሁለቱ ፍቅረኞች ሻይ የሚጠጡበት ክፍል ግን ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነበር። ከዓመታት በኋላ ጣቢያው ሲታደስ ሰዎቹ ምን አደረጉ? የፊልሙን ሻይ ቤት እያዩ ካርንፎርዝ ላይ እውነተኛ ሻይ ቤት ከፈቱ። ዛሬ እዚያ ሻይ የሚጠጣው ሰው የስቱዲዮ ቅጂ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ሆምፈርዝም እንዲሁ ናት። ከ1973 እስከ 2010 በዘለቀው «ላስት ኦፍ ዘ ሰመር ዋይን» የሦስቱ ሽማግሌዎች ካፌ የነበረው ቤት ቀረጻው ሲጀመር ካፌ አልነበረም፤ ካፌ ያደረገው ድራማው ነው። ከተዋናዮቹ ሁለቱ፣ ቢል ኦውንና ፒተር ሳሊስ፣ የተቀበሩት እንኳ እዚያው አካባቢ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጎን ለጎን ነው።

በፊልም የምናያቸውን የእንፋሎት ባቡሮች ታሪክም በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1960ዎቹ መንግሥት አያዋጡም ያላቸውን የገጠር ባቡር መስመሮች በብዛት ዘጋ። ዮርክሺር ውስጥ የዎርዝ ሸለቆ መስመር በ1962 ተዘጋ፤ ባቡር የሚወዱ በጎ ፈቃደኞች በ1968 ከፈቱት። ሁለት ዓመት ቆይቶ «ዘ ሬይልዌይ ቺልድረን» በኦክዎርዝ ጣቢያው ተቀረጸ። በሰሜን ዮርክ ሙርስ ያለው መስመርም በ1965 ተዘግቶ በ1973 እንደዚሁ ባሉ ሰዎች እጅ ተነሣ፤ የጎትላንድ ጣቢያው በ2001 የሃሪ ፖተር ሆግስሚድ ሆነ። ጎትላንድ ቀድሞም «ሃርትቢት» በተባለው የፖሊስ ድራማ የታወቀች መንደር ናት። በነሐሴ ከሄዳችሁ ደጋው ሐምራዊ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ተክሉ ሄዘር ይባላል፤ የእኛ የሰሜንና የባሌ ተራሮች አስታ የቅርብ ዘመዱ ነው።

ጥቂት ስለማይታየው ነገር መናገር አለብኝ። ከ1972 ጀምሮ የሚተላለፈው «ኤመርዴል» የገበሬዎች ድራማ ነው። በመጀመሪያ በእውነተኛ መንደሮች ይቀረጽ ነበር፤ ተመልካች እየበዛ ነዋሪውም ቀረጻውም መላወሻ ሲያጣ በ1998 ከሊድስ አጠገብ በሄርዉድ ርስት ላይ ለድራማው ብቻ ሙሉ መንደር ተሠራለት፣ ቤተ ክርስቲያንና መቃብር ሳይቀር። ሰው የማይኖርበት መንደር ነው። ርስቱ ላይ ያለው ታላቁ የሄርዉድ ቤት ግን በ18ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የላስልስ ቤተሰብ ከካሪቢያን ስኳርና ከባሪያ ንግድ ባካበተው ሀብት ነው። በ2005ቱ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» የሚስተር ቢንግሊ ቤት ሆኖ የታየው ባዝልደን ፓርክም የተሠራው በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በበለጸገ ሰው ነው። ናሽናል ትረስት በ2020 ባወጣው ጥናት ከያዛቸው ቦታዎች 93ቱ ከቅኝ ግዛትና ከባርነት ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ሲገልጽ እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ሰው ተቆጣ። ለምን እንደተቆጣ ይገባኛል፤ ድራማው ሻይና ስኳሩን እንጂ ስኳሩ ከየት እንደመጣ አሳይቶት አያውቅም። እኔ ግን የቤቱን ውበት የሚያደንቅ እንግዳ ቤቱ በምን ገንዘብ እንደቆመ የመጠየቅ መብት አለው እላለሁ።

እንዴት ይኬዳል ለሚለው ብዙ አልናገርም። ከለንደን ወጥተን የማናውቅ ብዙዎች ነን፤ ምክንያታችን ብዙውን ጊዜ «ገጠሩ የሰው መሬት ነው፣ ማን ያስገባናል?» የሚል ፍርሃት ነው። መሬቱ አዎ የሰው ነው፤ መንገዱ ግን የሁሉ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 225,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሕዝብ የእግር መንገድ አለ፤ የገበሬ ማሳ መሐል ለመሐል ያልፋል፣ ባለቤቱ መከልከል አይችልም። ቢጫ ቀስት ካያችሁ የእግረኛ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ፈረስና ብስክሌትም ይሄድበታል። ደጋውና ገላጣው ተራራ ለሕዝብ የተከፈተው ግን በልመና አልነበረም። በ1932 ከማንቸስተርና ከአካባቢው የመጡ ወጣት ሠራተኞች ኪንደር ስካውት በተባለው ተራራ ላይ ክልከላውን ጥሰው ወጡ፤ አምስቱ ታሰሩ። የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ በ1949 ወጣ፤ በደጋውና በገላጣው ላይ እንደልብ የመዘዋወር መብት የሰጠው ሕግ ደግሞ በ2000። በ2005ቱ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ኪራ ናይትሊ ልብሷን ነፋስ እያውለበለበው የቆመችበት የስታኔጅ ገደል እንደ ኪንደር ስካውት ሁሉ በፒክ ዲስትሪክት ነው፤ ዛሬ ማንም ሄዶ ይቆምበታል፣ በነፃ።

በምላሹ የሚጠበቅባችሁ ትንሽ ነው። የከፈታችሁትን የአጥር በር ዝጉ። በፀደይ በጎች ግልገል ሲይዙ ውሻ በገመድ ይያዝ። መኪናችሁን የትራክተር መውጫ ላይ አታቁሙ፤ ገበሬ የሚቆጣው በዚህ ነው፣ ልክም ነው። የመንደር ቤተ ክርስቲያን ብዙውን ጊዜ ክፍት ነው፤ ግቡ፣ ስትወጡ በሣጥኑ ጥቂት ሳንቲም ጣሉ፣ ጣሪያው የሚጠገነው በዚያ ነው። መንገድ ላይ የምታገኙትን ሰው ሰላም በሉ። ለንደን ውስጥ ሰላም ያላችሁት ሰው ይደነግጣል፤ ገጠር ውስጥ የሚያስደነግጠው ዝም ብሎ ማለፍ ነው። ደግሞም ዝናብ ልብስ ያዙ። በፊልሙ ያያችሁት ፀሐይ ሰባ ሰው ለቀናት ሲጠብቃት የኖረች ልትሆን ትችላለች።

የመጀመሪያ ጉዞ ለሚያስብ ሰው ምክሬ ባዝንና ላኮክን በአንድ ቀን ማየት ነው። ባዝ ገጠር አይደለችም፤ ግን የ«ብሪጀርተን» ተመልካቾች በሮያል ክረሰንት ፊት ሲሰለፉ ታገኟቸዋላችሁ፤ በድራማው የፌዘሪንግተን ቤተሰብ ቤት ከውጭ ሲታይ የዚያ ጎዳና ቁጥር 1 ነውና። ከመሐል ከተማው ወደ ምዕራብ ወጣ ስትሉ ደግሞ ካሜራ ሳይሆን ስደት የመረጠው ቤት ታገኛላችሁ። ፌርፊልድ ሃውስ ይባላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኢጣሊያ አገራችንን ከወረረች በኋላ በ1936 ገዝተውት እስከ 1940 የኖሩበት ቤት ነው፤ በ1958 በዕድሜ የገፉ ሰዎች እንዲገለገሉበት ለባዝ ከተማ ሰጡት፤ ዛሬም አረጋውያን ይሰባሰቡበታል። «ለምን እዚህ?» የሚለውን ጥያቄ እዚያም ብትጠይቁ መልስ አታጡም። ሁልጊዜ ለጎብኚ ክፍት ስላልሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ቀኑን አጣሩ። ከዚያ ላኮክ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ገዳሙ ሳይዘጋ ለመድረስ ከባዝ ከቀትር በኋላ ቶሎ መነሣት ይበጃል።